ሩቁን አቅርቦ ለማንሣት፦ የቴሌፎቶ ዙም ሌንስ ስመርጥና ስጠቀም የተማርሁት

ፎቶግራፍ ማንሣት መተዳደሪያዬ አይደለም። በሥራ ቀናት ከቢሮ የማልወጣ፣ ቅዳሜና እሑድ ግን ካሜራዬን ይዤ ከአዲስ አበባ ወጣ ማለት የምወድ ሰው ነኝ። ከካሜራው ጋር አብሮ የመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ ለቤተሰብ ፎቶና ለመልክዓ ምድር ይበቃኝ ነበር፤ ወፍ ወይም ዝንጀሮ ለማንሣት ስሞክር ግን እንስሳው በሰፊ ሜዳ መካከል እንደ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ቴሌፎቶ ዙም ሌንስ፣ ማለትም ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይና ርዝመቱ የሚለዋወጥ ሌንስ፣ እንድፈልግ ያደረገኝ ይህ ነው፤ የሌንሱ ሚሊ ሜትር በበዛ ቁጥር ሩቁን ይበልጥ ያቀርባል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሌንሶች በእጄ አልፈዋል፤ ሁለቱን ገዝቼ፣ አንዱን ተውሼ። የመጀመሪያውን ስገዛ የሚመክረኝ ሰው ስላልነበረ ገንዘብም፣ ተመልሰው የማይገኙ ጥቂት ማለዳዎችም አጥቻለሁ። ስለዚህ አሁን ለመግዛት እያሰበ ያለ ሰው ከእኔ ስሕተት ቢጠቀም ደስ ይለኛል።

ያንን ሌንስ የመረጥሁት በአንድ ቁጥር ብቻ ነው። ያገለገሉ የካሜራ ዕቃዎች የሚሸጥ ሰው ሁለት ሌንሶች ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልኝ፤ አንዱ እስከ 250 ሚሊ ሜትር የሚደርስና የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንስ ማረጋጊያ ያለው ሲሆን፣ ሌላው እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ነገር ግን ማረጋጊያ የሌለው ነበር። ዋጋቸው ተቀራራቢ ስለነበር "ትልቁን መያዝ ይሻላል" ብዬ ባለ 300ውን ወሰድሁ። በዚያን ሰዓት ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቼ አንድ ቀላል ስሌት ብሠራ ኖሮ ውሳኔዬ ሌላ ይሆን ነበር። የእኔ ካሜራ ሴንሰር፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው ዓይነት ሲሆን ወርዱ ከ22 ሚሊ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። በዚህ ሴንሰር ላይ 250 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ20 ሜትር ርቀት የሚያሳየው ስፋት 1.8 ሜትር ገደማ ነው፤ 300 ሚሊ ሜትር ደግሞ 1.5 ሜትር ገደማ ያሳያል። ርዝመቷ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነች ወፍ በመጀመሪያው የፎቶውን ወርድ አንድ ስድስተኛ፣ በሁለተኛው አንድ አምስተኛ ትይዛለች። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ አራትና አምስት እርምጃ በመጠጋት የሚካካስ ነው። የማረጋጊያ አለመኖርን ግን በእርምጃ ማካካስ አይቻልም።

ይህን የተረዳሁት ደብረ ሊባኖስ ሄጄ ነው። ቦታው ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሌሊቱን በገደሉ ላይ አድረው ጠዋት ወደ አፋፉ ሜዳ ይወጣሉ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ደርሼ መንጋው ሣር ሲነጭ አገኘሁት። ጭላዳ ሣሩን በጣቶቹ እየቆነጠረ፣ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ የሚያደርስ እንስሳ ስለሆነ፣ እጆቹን፣ የወንዱን ጎፈርና በደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ሌጣ ቆዳ ለማንሣት ሌንሱን እስከ መጨረሻው አርዝሜ አንድ መቶ ሰማንያ ያህል ፎቶ አነሣሁ። ሰማዩ ደመናማ ነበር። በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ ሁሉም ያማረ መሰለኝ። ማታ ቤቴ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ሳሰፋቸው ግን ጎፈሩ ጭጋግ፣ ዓይኑ የደበዘዘ ጥቁር ክብ ሆኖ አገኘሁት። ለሰው ለማሳየት የሚበቁት ከአሥር አይበልጡም ነበር።

ጥፋቱ የሌንሱ ነው ወይስ የእኔ የሚለው ጥያቄ ስላስጨነቀኝ በሚቀጥለው እሑድ አንድ ፈተና አዘጋጀሁ፤ ሌንስ የገዛ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ቢያደርገው እመክራለሁ። አንድ የጋዜጣ ገጽ በግቢያችን ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጠፍሁ፤ ካሜራውን ስምንት ሜትር ያህል ርቄ በትራይፖድ (በባለ ሦስት እግር መቆሚያ) ላይ አቆምሁ፤ ቁልፉን ስጫን እንዳይነቃነቅም የሁለት ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪውን አበራሁ። ከዚያ በ100፣ በ200 እና በ300 ሚሊ ሜትር፣ በእያንዳንዱም ላይ በኤፍ 5.6፣ በኤፍ 8 እና በኤፍ 11 አነሣሁ፤ ኤፍ ብርሃን የሚያስገባውን የሌንሱን ቀዳዳ፣ አፐርቸሩን፣ ስፋት የሚናገር ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባል። ቀጥዬ ያንኑ ጋዜጣ በእጄ ይዤ በተለያየ የሻተር ፍጥነት፣ ማለትም ብርሃን ወደ ሴንሰሩ በሚገባበት የጊዜ ርዝመት፣ ደገምሁት። ውጤቱን ሳሰፋው ሁለት የተለያዩ ጉድለቶች እንደነበሩ ተገለጠልኝ። በትራይፖድ ላይ በ200 ሚሊ ሜትር የጋዜጣው ፊደላት ጥርት ብለው ይነበባሉ፤ በ300 እና በኤፍ 5.6 ግን ቀለሙ ወረቀቱ ላይ የፈሰሰ ይመስል የፊደላቱ ጠርዝ ይለሰልሳል፤ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 8 ሳጠበው በግልጽ ይሻሻላል። ይህ የመስታወቱ ጠባይ ነው፤ ዋጋቸው መጠነኛ የሆነ ብዙ ዙም ሌንሶች በረጅሙ ጫፋቸው ላይ እንዲህ ይለሰልሳሉ። በእጅ በሰከንድ 1/125ኛ የተነሣው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ እያንዳንዱ ፊደል ጥላ እንዳለው ሁሉ ድርብ ሆኗል። በ1/500ኛ ሲነሣ ደግሞ ከትራይፖዱ ፎቶ ጋር ለመለየት ያስቸግራል። ደብረ ሊባኖስ የተነሡትን ፎቶዎች መረጃ ተመልሼ ስመለከት አብዛኛዎቹ ከ1/100ኛ እስከ 1/200ኛ ባለው ፍጥነት የተነሡ ነበሩ። ስለዚህ የሚበዛው ጥፋት የእጄ መንቀጥቀጥ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የምከተለው መነሻ ሕግ ቀላል ነው። ሌንሱ ያለበትን ሚሊ ሜትር ሴንሰሩ በሚያጎላው መጠን አባዝቼ፣ የሻተሩ ፍጥነት ቢያንስ የዚያ ቁጥር ክፋይ እንዲሆን አደርጋለሁ። የካኖን ኤፒኤስ-ሲ ካሜራ ማባዣ 1.6፣ የኒኮን 1.5 ነው። ስለዚህ በካኖን 250 ሚሊ ሜትር ላይ 400 ይመጣል፤ ፍጥነቱም ከ1/400ኛ እንዳያንስ ይሁን። ማረጋጊያ ያለው ሌንስ ከዚህ በጣም ወርዶ ለማንሣት ያስችላል፤ እኔ በ1/60ኛ በ250 ሚሊ ሜትር የተቀመጠ ነገር ሳነሣ ግማሽ ያህሉ ጥርት ብሎ ይወጣልኛል። ነገር ግን ማረጋጊያው የሚያስቆመው የእኔን እጅ እንጂ የእንስሳውን እንቅስቃሴ አይደለም። ሣር የሚነጭ ጭላዳ ጣቶቹ ስለሚፈጥኑ 1/500ኛ ይፈልጋል፤ ለሚበር ወፍ ደግሞ ከ1/1600ኛ በታች አልሞክርም። ብርሃኑ ሲያንስ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት የሚወስነውን ቁጥር፣ ወደ 1600 ወይም 3200 ከፍ ማድረግ ፎቶው ላይ ብጥቅጥቅ ያሉ ነጠብጣቦችን ያመጣል፤ ብዙ ጀማሪዎች ይህን ስለሚፈሩ አይኤስኦውን በ100 ይተዉታል። ነጠብጣቡን በኮምፒውተር መቀነስ ይቻላል፤ በመንቀጥቀጥ የደበዘዘን ዓይን ግን ወደ ጥራቱ የሚመልሰው የለም።

ሁለተኛው ሌንሴ ካኖን ኢኤፍ-ኤስ 55-250 አይኤስ ኤስቲኤም ነው። ከአሜሪካ ለበዓል የመጣች የአክስቴ ልጅ አምጥታልኝ እስከ ዛሬ የምሠራበት እርሱ ነው። በ2013 የወጣ ሲሆን ክብደቱ 375 ግራም ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አንገቴ ላይ አንጠልጥየው ብውል አያደክመኝም። ፎከሱ ፈጣንና ድምፅ አልባ ነው፤ 85 ሴንቲ ሜትር ድረስ ስለሚጠጋም አበባና ቢራቢሮ አነሣበታለሁ። ያንኑ የጋዜጣ ፈተና ስሰጠው በ250 ሚሊ ሜትር አፐርቸሩን ሳላጠብ እንኳ የፊደላቱ ጠርዝ ጥርት ያለ ነበር። የኢኤፍ-ኤስ ሌንስ በካኖን ባለ ሙሉ ፍሬም ዲኤስኤልአር (ሴንሰሩ ከኤፒኤስ-ሲ በሚሰፋ ካሜራ) ላይ እንደማይገጥም ግን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ወደዚያ ካሜራ ለመሸጋገር የሚያስብ ሰው በሁለቱም ላይ ከሚገጥሙት የኢኤፍ ሌንሶች ቢመርጥ ይሻለዋል።

የኒኮን ካሜራ ያላቸውም አንድ ነገር ልብ እንዲሉ እፈልጋለሁ። ዲ3000 እና ዲ5000 በሚሉት ተከታታዮች ውስጥ ያሉ ካሜራዎች በቦዲያቸው (ሌንሱ በሚገጠምበት የካሜራው አካል) ውስጥ የፎከስ ሞተር የላቸውም። ስለዚህ ሞተር የሌለው የቀድሞ ሌንስ ሲገጠምባቸው ፎቶ ያነሣሉ እንጂ በራሳቸው ፎከስ አያደርጉም። ያገለገሉና ርካሽ ከሆኑት ከ70 እስከ 300 ሚሊ ሜትር ሌንሶች መካከል እንዲህ ያሉ ይገኛሉ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ በዚህ ምክንያት የገዛውን ሌንስ በእጁ እያዞረ ፎከስ ሲያደርግ አንድ ዓመት አሳልፏል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሌንሱን በገዛ ካሜራ ላይ ገጥሞ መሞከር ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ያገለገለ ሌንስ ስመለከት በመጀመሪያ የስልኬን መብራት ከኋላ አብርቼ በፊት በኩል አሻግሬ አያለሁ። ትንሽ አቧራ አያሳስበኝም፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካየሁ ግን ሻጋታ ስለሆነ በምንም ዋጋ አልወስደውም። ከዚያ ዙሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዞራለሁ፤ የሚንገጫገጭ ወይም አሸዋ እንደገባበት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ወድቆ ወይም ተከፍቶ ያውቃል ብዬ እጠረጥራለሁ። ማረጋጊያ ካለው ቁልፉን በግማሽ ተጭኜ በመመልከቻው ውስጥ ምስሉ ረጋ ሲል ማየት አለብኝ። በመጨረሻም በአጭሩና በረጅሙ ጫፍ፣ በቅርብና በሩቅ ጥቂት ፎቶ አንሥቼ እዚያው አሰፋቸዋለሁ። "ወንድሜ፣ ትንሽ ታገሠኝ" ብዬ እነዚህን ስሠራ የተቆጣ ሻጭ እስካሁን አልገጠመኝም።

ከዚህ የሚረዝም ሌንስ ያስፈልገኛል ወይ የሚለውን ለመወሰን ከአንድ ወዳጄ ከ150 እስከ 600 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሲግማ ለሁለት ሳምንት ተውሼ ነበር። 600 ሚሊ ሜትር ለወፍ የሚሰጠው ነገር እውነተኛ ነው። ገፈርሳ የውኃ ማጠራቀሚያ ዳር ቆሜ፣ በ250 ሚሊ ሜትር ተራ ዳክዬ መስላ የምትታየውን ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ላባ በላባ አይቻታለሁ። ነገር ግን ሌንሱ ብቻውን ወደ 2 ኪሎ ይመዝናል፤ ከፊቱ የሚገጠመው ፊልተር ወርዱ 95 ሚሊ ሜትር ነው፤ በታክሲ ለሚሄድ ሰው ቦርሳው ራሱ ሸክም ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ ክብደቱን አስቤ ቤት ትቼው ወጣሁ። ወፍ ብቻ የማንሣት ፍላጎት ያለው፣ መኪና ወይም ጠንካራ ትራይፖድ ያለው ሰው ይግዛው፤ ለሌላው ሁሉ ግን ከቤት የማይወጣ 600 ሚሊ ሜትር በአንገት ላይ ከዋለ 250 ያነሰ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ርቀት ከተነሣ ስለ አየሩም መናገር አለብኝ፤ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። በዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ባቱ ከተማ፣ ፔሊካኖች ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን ትርፍራፊ ለመልቀም ይሰበሰባሉ። በአንድ ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀትር እዚያ ቆየሁ። ሌንሱም፣ የሻተር ፍጥነቱም፣ ወፎቹም ሳይለወጡ የጠዋቶቹ ፎቶዎች ላባውን ጥርት አድርገው ሲያሳዩ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ የተነሡት ግን በውኃ ውስጥ የተነሡ ይመስል ጠርዛቸው ይዋልላል። ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ከመሬት የሚነሣው ሞቃት አየር ብርሃኑን ስለሚያጣምመው ነው፤ በአስፋልት ላይ ከሩቅ ውኃ የተኛ የሚያስመስለው ያው ነው። ለዚህ ሌንስ መለወጥም ትራይፖድም መፍትሔ አይሆንም። መፍትሔው ማልዶ መገኘትና መጠጋት ብቻ ነው። ከ60 ሜትር የሚነሣ ፎቶ በዚያ በሚዋልል አየር ውስጥ ያልፋል፤ ከ15 ሜትር የሚነሣው እምብዛም አይነካውም። እኔም ከዚያ ወዲህ ለሩቅ ነገር የምነሣው ሌሊት 10 ሰዓት ነው።

አያያዙን በተመለከተ፣ ግራ እጄን ከሌንሱ በታች እንደ መደገፊያ አድርጌ፣ ሁለቱን ክርኖች ከጎኔ አጣብቄ፣ ትንፋሼን አውጥቼ ስጨርስ ቁልፉን እጫናለሁ። ማረጋጊያው ለመርጋት ጥቂት ጊዜ ስለሚወስድ በግማሽ ተጭኜ አንድ ሰከንድ ያህል እጠብቃለሁ። ከዚያ ሦስት ወይም አራት ፎቶ አከታትዬ አነሣለሁ፤ የመጀመሪያው በጣት ግፊት ሲነቃነቅ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ጥርት ብሎ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ከመኪና ሆኜ ሳነሣ ሞተሩን አስጠፍቼ፣ ሩብ ኪሎ ሽምብራ የያዘ የጨርቅ ከረጢት በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀምጬ ሌንሱን እዚያ ላይ አሳርፈዋለሁ፤ ከብዙ ትራይፖድ የተሻለ ድጋፍ ነው። ካሜራው በትራይፖድ ላይ ጸንቶ ሲቆም ደግሞ ማረጋጊያውን አጠፋዋለሁ።

ወፍን በ250 ሚሊ ሜትር መፈለግ ጀማሪን ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር ነው፤ በዓይን እያየናት በመመልከቻው ውስጥ ቅርንጫፍ ብቻ ይታያል። እኔ ሁልጊዜ ሌንሱን ወደ አጭሩ ጫፍ መልሼ ወፏን አገኛለሁ፤ ከዚያ ዓይኔን ሳላነሣ አረዝመዋለሁ። ፎከሱን ለካሜራው ምርጫ ከተውሁት ከፊት ያለውን ሣር ስለሚይዝብኝ መካከለኛውን አንድ ነጥብ ብቻ መርጬ በዓይኗ ላይ አደርገዋለሁ። ይህ ጥንቃቄ የበዛ መስሎ የሚታየው ሰው በ250 ሚሊ ሜትርና በኤፍ 5.6፣ ከ4 ሜትር ርቀት ሲነሣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ መሆኑን ያስብ። ፎከሱ ደረቷ ላይ ካረፈ ዓይኗ ይደበዝዛል።

ይህ ሌንስ ለእንስሳ ብቻ አይደለም። በጥምቀት ዕለት ጃን ሜዳ ላይ ከሕዝቡ ዳር ቆሜ፣ ማንንም ሳልገፋና የካህናቱን መንገድ ሳልዘጋ፣ በወርቅ ዘቦ ያሸበረቁትን ጃንጥላዎች ተደራርበው እንዲታዩ አድርጌ ማንሣት የቻልሁት በእርሱ ነው። በአቧራው መካከል ሌንስ መቀያየር ሴንሰሩን ስለሚያቆሽሽ ከቤት ስወጣ አንዱን ገጥሜ እወጣለሁ፤ 55 ሚሊ ሜትሩም ለቅርቡ ይበቃኛል። ነገር ግን ሰውን ከሩቅ ሳያውቅ ማንሣት ስለተቻለ ብቻ ተገቢ አይሆንም። አንድ በዕድሜ የገፉ አባት በመቋሚያቸው ተደግፈው ሳያቸው ከ15 ሜትር ላነሣቸው እችል ነበር፤ ቀርቤ "አባቴ፣ ፎቶ ላነሣዎት ይፈቅዱልኛል?" አልኋቸው። "አንሣኝ ልጄ፣ ግን አሳየኝ" አሉኝ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሼ በ135 ሚሊ ሜትር አነሣኋቸው፤ ጀርባው ለስልሶ ፊታቸው ብቻ ጎልቶ ወጣ። ሳሳያቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው "አሁን ድገመው" አሉኝ፤ ያስቀመጥሁትም ሁለተኛውን ነው።

ስለ አያያዝና ጥበቃ የምለው ጥቂት ነው። ሁዱን፣ ማለትም ከሌንሱ ፊት የሚገጠመውን ከለላ፣ አላወልቅም፤ የጎን ፀሐይን ይከላከላል፣ ሲጋጭም ከመስታወቱ በፊት እርሱ ይመታል። መስታወቱን ይጠብቃል ተብሎ ከፊት የሚገጠመውን ርካሽ ዩቪ ፊልተር ግን አውልቄ ትቻለሁ፤ በጋዜጣው ፈተና በ250 ሚሊ ሜትር ላይ ጥራቱን ሲቀንስ በዓይኔ አይቻለሁ። በክረምት ወራት ሌንስን በቆዳ ቦርሳ ዘግቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ለሻጋታ አሳልፎ መስጠት ነው። እኔ አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ እርጥበት ከሚመጥጡ የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ጋር አስቀምጠዋለሁ፤ በየሳምንቱም አውጥቼ ጥቂት ፎቶ አነሣበታለሁ። እርጥበት ይመጥጣል ተብሎ ሩዝ የሚያደርጉ አሉ፤ ዱቄቱ ዙሙ ውስጥ ስለሚገባ አልመክረውም።

ባለፈው ጥቅምት እዚያው ደብረ ሊባኖስ አፋፍ ላይ ተመልሼ ነበር። ሣሩ ጤዛ እንደያዘ ነው። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ፤ መንጋው ራሱ እየነጨ ቀረበኝና አንዲት እናት ልጇን በጀርባዋ አዝላ ከፊቴ 12 ሜትር ያህል ላይ ቆመች። ክርኖቼን በጉልበቶቼ ላይ አሳርፌ፣ በ250 ሚሊ ሜትር፣ በ1/640ኛ፣ በኤፍ 6.3፣ በአይኤስኦ 800 አራት ፎቶ አነሣሁ። ሦስተኛው ላይ የልጁ ጣቶች የእናቱን ፀጉር ጨብጠው አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ በእናትየዋ ከንፈር ላይም አንድ የሣር ቅጠል ከነጤዛው ተንጠልጥሏል።